የአዲስ አበባ ሰፈሮች፦ ከቤቱ ጋር ነዋሪው ሲነሣ

ከሜክሲኮ ወይም ከመገናኛ ታክሲ ለመሳፈር የቆመ ሰው የረዳቶቹን ጥሪ ልብ ብሎ ቢያዳምጥ የአዲስ አበባን ታሪክ በተዘበራረቀ ቅደም ተከተል ይሰማል። ጉለሌ ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት በዚሁ አካባቢ ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሳ መጠሪያ ነው። ፒያሳ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለ ስም ሲሆን፣ ካዛንቺስም በዚያው ዘመን ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ ተቋም ምሕጻረ ቃል የመጣ ነው። ሃያ ሁለት የአንበሳ አውቶቡስ ቁጥር ሃያ ሁለት ትዞርበት የነበረ ቦታ ነው ይባላል። ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት እየተባለ በቁጥር የሚጠራው ደግሞ የኮንዶሚኒየሙ ዘመን አሻራ ነው። ስሞቹ ዛሬም እንደ ቀድሞው ይጠራሉ፤ ከስሞቹ ጥቂት የማይባሉት ግን ይጠሩበት የነበረው መንደር በቦታው የለም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር በፒያሳ ዙሪያ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ መንደሮች በሳምንታት ውስጥ ፈርሰዋል፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ።

ስለዚህ ለውጥ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ በሁለት ጫፍ ይቆማል። አንደኛው ወገን ያረጀ ጭቃ ቤት ፈርሶ ሰፊ መንገድና ያማረ ሕንፃ መተካቱን እያየ «ምን ይከፋል?» ይላል። ሌላው የጠፋውን ቅርስና ትዝታ ይቆጥራል። ሁለቱም የሚመለከቱት ሕንፃውን ነው። የከተማዋን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ለመረመረ ግን የዛሬው ለውጥ ከቀድሞዎቹ የሚለይበት ነጥብ ሌላ ቦታ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ ከምሥረታዋ ወዲህ ባለቤቷን፣ ሕጓንና አስተዳደሯን ደጋግማ ለውጣለች። በእነዚያ ለውጦች ሁሉ የሰፈሩ ሰው በአመዛኙ ባለበት ቆይቷል። አሁን ግን ቦታው ይቀራል፣ ስሙም ይቀራል፣ የሚሄደው ሰው ነው። ይህን በቅጡ ለመረዳት ሰፈር የሚባለው ነገር እንዴት እንደ ተፈጠረ መመልከት ያስፈልጋል።

ከድንኳን የተጀመረ ከተማ

«ሰፈረ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው። ጦር ወይም መንገደኛ ድንኳን ተክሎ ማረፉን ያመለክታል፤ እህል በቁና መለካቱንም እንዲሁ። ሁለቱም ለአዲስ አበባ ይስማማሉ፤ ወደ ሁለተኛው ፍቺ በኋላ እንመለስበታለን። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወረድ ብለው በፍል ውኃው አቅራቢያ ከተማ ሲቆረቁሩ፣ በስፍራው የተዘረጋው የቆየው የንጉሥ ጦር ሰፈር ሥርዓት ነበር እንጂ በወረቀት የተነደፈ ፕላን አልነበረም። ንጉሡ መካከለኛውን ጉብታ ያዘ፤ መኳንንቱም እንደ ማዕረጋቸው በዙሪያው ባሉ ሌሎች ጉብታዎች ላይ ሰፈሩ። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንተይቀጡን የመሳሰሉት ወንዞች በየሰፈሩ መካከል ወሰን ሆኑ።

የእያንዳንዱ መኳንንት ግቢ ከፍታው ላይ ሲሆን፣ ከሥሩ ደግሞ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ባልደራሱ፣ ጠጅ ጣዩና እንጨት ሰባሪው ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር እየተባሉ የሚጠሩት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። በሙያቸው የተሰባሰቡም ነበሩ፤ ሠራተኛ ሰፈር ለቤተ መንግሥቱ የእጅ ሥራ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ጎፋ ሰፈርንና ዶርዜ ሰፈርን የመሰሉት ደግሞ ነዋሪዎቹ ከመጡበት አገር ስማቸውን ወሰዱ። በአራዳ ገበያ ዙሪያ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ሕንዶችና ዐረቦች ሱቅ ከፈቱ፤ አርመን ሰፈርም ስሙን እስካሁን ይዞ ቆይቷል።

ይህ አሰፋፈር ለከተማዋ ትቶላት የሄደው ትልቁ ነገር ሀብታምና ድኻ አጥር ተጋርተው መኖራቸው ነው። በብዙ የዓለም ከተሞች ባለጠጋው በአንድ ማእዘን፣ ድኻው በሌላ ማእዘን ሲኖር፣ በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ግን የድንጋይ አጥር ያለው ሰፊ ግቢና የጭቃ ቤት ረድፍ በአንድ ቅያስ ላይ ጎን ለጎን ይገኙ ነበር። ይህን ከፍቅር የመነጨ አድርጎ ማቅረብ ግን ስሕተት ይመስለኛል። ድኻው ከጌታው አጠገብ የኖረው ጌታው ስለ ነበረ ነው፤ መነሻው ሎሌነት እንጂ ጉርብትና አልነበረም። ሎሌነቱ ሲቀር ግን ቅርበቱ ሳይጠፋ ቆየና በዚያ ቅርበት ላይ ሌላ ዓይነት ኑሮ ተገነባ።

ከተማዋ ራሷም ላትቀጥል ትችል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዐሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ የማገዶ እንጨት ከአካባቢው በማለቁ አፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታም አስጀምረው ነበር። ያስቀራቸው ከውጭ የመጣውና ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በማገዶነቱ ብቻ አይታወስም፤ የጭቃ ቤቱ ማገርና ምሰሶ የሆነውም እርሱ ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ቆርቆሮ በብዛት መግባት ቻለ። ባሕር ዛፍ፣ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃና ቆርቆሮ ተገናኝተው ዛሬ በግሬደር የሚገፋውን ቤት ፈጠሩ። ቤቱ በርካሽ ይሠራል፤ በየጊዜው ከተመረገና ቆርቆሮው ከተቀየረ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ካልተጠገነ ግን ከግድግዳው ሥር ጀምሮ ይበሰብሳል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ ማለት ይገባል፤ ለሚቀጥለው ምዕራፍ ቁልፉ እርሱ ነውና።

ሦስት ለውጦች፣ ያው ነዋሪ

የመጀመሪያው ታላቅ መናወጥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የጣሊያን ወረራ ነው። ወራሪው ከተማዋን በዘር ለመክፈል ፕላን አወጣ፤ ፒያሳን፣ ካዛንቺስንና ፖፖላሬን ለጣሊያኖች፣ ምዕራቡን ክፍል ለአገሬው ሰው። በቅዱስ ጊዮርጊስ አቅራቢያ የነበረውን የአራዳ ገበያ ነቅሎ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረ፤ የዛሬው መርካቶ የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው። በከተማዋ ታሪክ ሰውን ከቦታው በፕላን የማንሣት የመጀመሪያው ሙከራ ይህ ነበር። አምስት ዓመት ግን ለእንዲህ ያለ ሥራ አልበቃም፤ ፕላኑ ሳይፈጸም ወራሪው ተባረረ፤ የለያቸው ሰፈሮችም በኋለኞቹ ዓመታት ተቀላቀሉ። ካዛንቺስ ለነጭ ሠራተኛ ብቻ ታስቦ ተጀምሮ በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ እጅግ የተቀላቀለ ሕዝብ ከያዙት አንዱ መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው።

ከነጻነት በኋላ ከተማዋ በፍጥነት ሞላች። መሬቱ በጥቂት መኳንንት፣ ባለሥልጣናትና በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበርና ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ሰው ተከራይ ሆኖ ገባ። ባለርስቱ በግቢው ዙሪያ ረድፍ ረድፍ የኪራይ ክፍሎች አሠራ። በሰፈሮች መካከል ክፍት የነበረው ሜዳና ወንዝ ዳርም በዚህ መልክ ተሸፈነ።

ሁለተኛው ለውጥ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ላይ የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ ከዚያ የተረፈው ተወሰደ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት «ኪራይ ቤቶች» በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር ሆኑ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም እስከ ግማሽ ተቀነሰ። በአንድ ሌሊት አከራይና ተከራይ ጎረቤታሞች ሆኑ ማለት ይቻላል፤ ትናንት ኪራይ ይሰበስብ የነበረው ሰው ዛሬ ከተከራዩ ጋር በቀበሌ ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጠ።

ስለዚህ አዋጅ የሚጻፈው ብዙው ስለ ባለቤትነት ነው። ለሰፈር ታሪክ ግን ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ውጤቱ ነው። ዝቅተኛው ኪራይ ተከራዩን በቦታው ተከለው። ከዚያ ወጥቶ የትም ቢሄድ በዚያ ዋጋ ቤት አያገኝም፤ ስለዚህ አገባ፣ ወለደ፣ ልጆቹ ጎን ላይ አንድ ክፍል ቀጥለው ኖሩ፣ ኪራዩም ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለትና ሦስት ትውልድ ሳይነቃነቅ የመኖሩ ምስጢር ይኸው ነው። በሌላ በኩል ቀበሌው በሚሰበስበው ጥቂት ብር ቤቶቹን ሊጠግን አልቻለም፤ ነዋሪውም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማውጣት ሰጋ፤ ሊያድስ ሲፈልግም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ባሕር ዛፉ በሰበሰ፣ ቆርቆሮው ዛገ። ዛሬ «ያረጀና የተጎሳቆለ» ተብሎ የሚፈርሰው ሰፈር በአንድ ጊዜ አላረጀም፤ ዐርባ ዓመት የፈጀ፣ ራሱ የኪራዩ ሥርዓት የፈጠረው እርጅና ነው። መንግሥት ባለቤት ነበር፤ ባለቤት የሚያደርገውን እድሳት ግን አላደረገም።

ይህን ኑሮ በትዝታ ብቻ የሚያሳምሩትን ሰዎች አልከተልም። ዐሥርና ከዚያ በላይ አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት የሚጋራበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ፍሳሹ ደጃፍ የሚደርስበት፣ እሳት ሲነሣ መኪና የማይገባበት ቅያስ ኑሮ ለማንም የሚመኙት አይደለም። ከእነዚህ ሰፈሮች በደስታ የወጣ ሰው ብዙ ነው።

ሦስተኛው ለውጥ በጸጥታ የመጣ በመሆኑ ብዙዎች ለውጥ ብለው አልቆጠሩትም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80፣ በኋላም በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. የወጡት ተተኪዎቹ፣ የመንግሥት ሆኖ የቆየውን መሬት ዋጋ እንዲኖረው አደረጉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የመሬቱን የመጠቀም መብት ለተወሰነ ዘመን በጨረታ ወይም በምደባ መስጠት ግን ተቻለ። «ሰፈረ» የሚለው ግሥ ሁለተኛ ፍቺ ሥራ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ የሰፈሩበት መሬት በካሬ ሜትር ተሰፈረ። በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበት የቀበሌ ቤት በጨረታ ቢቀርብ እጅግ ውድ በሚሆን መሬት ላይ ቆሞ ተገኘ። ነዋሪው ለአሠርት ዓመታት አልተነቃነቀም፤ ከእግሩ ሥር ያለው መሬት ግን በወረቀት ላይ ወደ ሌላ ዓለም ሄዶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመሐል ከተማ ሰፈሮች መነሣት የጊዜ ጉዳይ ብቻ ሆነ።

ዕጣ ያወጣው ጎረቤት

መነሣቱ የተጀመረው ቁርስራሽ በሆነ መልኩ ነው። በ1990 ዓ.ም. የተከፈተው ሸራተን ሆቴል ዙሪያውን ያሉ መንደሮች ዕጣ ፈንታ ለወጠ፤ ቀጥሎ ልደታ፣ ከዚያም የአራት ኪሎው ባሻ ወልዴ ችሎት ተነሡ። «መልሶ ማልማት» እና «የልማት ተነሺ» የሚሉት ቃላት ወደ ዕለታዊ ንግግር የገቡት በእነዚህ ዓመታት ነው።

ለተነሺው መድረሻ እንዲሆን የተዘጋጀው በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ነበር። ሙከራው በቦሌ ገርጂ ተደርጎ፣ ቀጥሎ ግንባታው ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ተስፋፋ። በ20/80 መርሐ ግብር ነዋሪው 20 በመቶውን አስቀድሞ ይቆጥብ፣ የቀረው 80 በመቶ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር ይሸፈን ነበር። በአፍሪካ ደረጃ እንዲህ ባለ ስፋት የመንግሥት ቤት የሠራ ከተማ ብዙ የለም፤ ለብዙ መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የመጀመሪያ የራሳቸው ቤት ሆኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ሁለት ነገሮችን አላሰበበትም። አንደኛው መሬቱ ነው። የከተማዋ ዳርቻ ባዶ ሜዳ አልነበረም፤ የኦሮሞ ገበሬ እርሻና መንደር ነበር። ከመሐል የተነሣው ድኻ ሄዶ ያረፈው ከዳር በተነሣው ገበሬ ማሳ ላይ መሆኑ፣ የአንዱ መፈናቀል በሌላው መፈናቀል ላይ መደራረቡ፣ በ2006 ዓ.ም. ለተቀሰቀሰውና አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጀው ማስተር ፕላን በ2008 ዓ.ም. እስኪሰረዝ ድረስ ለዘለቀው ተቃውሞ አንዱ ምክንያት ሆኗል። ሁለተኛው ዕጣው ነው። ለአድልዎ በር ላለመክፈት ቤቶች በዕጣ ተደለደሉ። እንደ አሠራር ፍትሐዊ ነው። ዕጣ ግን ጎረቤትን ይበትናል። አንድ ግቢ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሰዎች አንዱ ጀሞ፣ ሌላው የካ አባዶ ይወጣለታል፤ ከላይና ከታች ፎቅ ከማያውቁት ሰው ጋር ይገጥማሉ። ቅድመ ክፍያውን መክፈል ያቃታቸው የቀበሌ ተከራዮች ደግሞ ሌላ ቦታ ባለ ሌላ የቀበሌ ቤት ተተክተዋል። ዕጣ የወጣላቸው ሳይቀሩ ብድሩን ለመክፈል ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ክፍል ፍለጋ የሚሄዱበት ሁኔታ የተለመደ ነው።

ንድፍ አውጪዎቹ የሐበሻን ኑሮ ፈጽሞ አልዘነጉም። በየሳይቱ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ልቅሶ የሚቀመጡበት የጋራ መገልገያ ሕንፃ አቁመዋል። ሕንፃው ግን የመጣው ሥራውን ከሚሠሩት ሰዎች ስምምነት በፊት ነው። በአሮጌው ሰፈር ስምምነቱ ቀድሞ ነበር፤ ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ ግን አልነበረም፤ መንገድ ላይ ይተከል ነበር።

እድር የሚለካው ርቀት

ሰፈር ምን ይሠራ እንደ ነበር በግልጽ የሚያሳየው እድር ነው። እድር መዋጮ፣ መዝገብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ጡሩምባ ነፊ ያለው፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳሕን በጋራ የሚይዝ ተቋም ነው። ዋናው ሀብቱ ግን ርቀት ነው፤ ጡሩምባው የሚሰማበት፣ ሴቶች ሌሊት ተነሥተው ለቀስተኛ ወዳለበት ቤት በእግር የሚደርሱበት ርቀት። ሰው ሲሞት ከአንድ ሰዓት በኋላ ድንኳን ካልቆመ እድሩ ምን ሊባል ነው? ተነሺዎች ዳር ከተማ ከሄዱም በኋላ በአሮጌው ሰፈራቸው እድር ውስጥ ለዓመታት መዋጮ እየከፈሉ የሚቆዩት ለዚህ ነው፤ የከፈሉትን የብዙ ዓመት ገንዘብ ላለማጣት፣ ከሁሉ በላይ ግን በማያውቁት ሰው መሐል ላለመቀበር። እየዋለ እያደረ በሁለት አውቶቡስ ወደ ቀብር መሄድ ይከብዳል፤ አባሉ ይሳሳል፤ በኮንዶሚኒየሙ አዲስ እድር ይመሠረታል። አዲሱ እድር አለ፤ ብድርም፣ አስታራቂም፣ ልጅ ጠባቂም ሆኖ እስኪሠራ ግን ትውልድ ይፈልጋል።

ስለ ኑሮ ዋስትና ስንነጋገር የምንዘነጋው ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መሐል ከተማ ያለች እናት ጉልት ቸርቻሪ፣ እንጀራ ጋጋሪ ወይም ልብስ አጣቢ ሆና የምትኖረው ደንበኞቿ በእግር ርቀት ስላሉ ነው። ሀብታሙና ድኻው አጥር የተጋሩበት ያ ከጦር ሰፈር የተወረሰ አሰፋፈር የእርሷ የሥራ ገበያ ነበር። ንጹሕ ውኃና የራሷ መጸዳጃ ቤት ወዳለው ሳይት ስትዛወር ቤቷ ይሻሻላል፣ ገቢዋ ግን ይቋረጣል፤ ከዚያም ላይ የትራንስፖርት ወጪ ይጨመርባታል። የተሻለ ቤት የባሰ ድኽነት ሊያመጣ መቻሉ ለብዙ ባለሥልጣን የማይዋጥ ነገር ነው፤ ቤትና ገቢ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ውስጥ ለየብቻ ስለሚቀመጡ አይገናኙም።

ኮሪደሩና ፍጥነቱ

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በሁለት ነገር ከቀድሞው መልሶ ማልማት ይለያል። አንደኛው ቅርጹ ነው፤ አንድን ሰፈር ለይቶ በማፍረስ ፈንታ ዋና ዋና መንገዶችን ይከተላል፤ ከፒያሳ በአራት ኪሎ ወደ ቦሌ፣ ወደ መገናኛና ወደ ሌሎች አቅጣጫዎች የሚወስዱትን። ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። ልደታን ለማንሣት ዓመታት ሲፈጅ፣ እዚህ የሚቆጠረው በሳምንታትና በወራት ነው።

ያስገኘውን ጥቅም ለማየት ዐይን ብቻ ይበቃል። አዲስ አበባ ለእግረኛ ደንታ የሌላት ከተማ ነበረች፤ ዛሬ በእነዚህ መንገዶች ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የመንገድ መብራትና የሕዝብ መጸዳጃ አለ። የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለረጅም ዘመን በቆርቆሮ ታጥሮ የቆየን የፒያሳ ቦታ ለሕዝብ ከፍቷል። ምሽት ላይ ቤተሰብ ይዞ በእግር መውጣት እንደ አዲስ ልማድ ሆኗል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍጥነቱ ያስከተለውን ዋጋ ግን በእግረኛው መንገድ ላይ ቆሞ ማየት አይቻልም፤ ከፋዩ ርቆ ሄዷልና። በመነሣት ጊዜ ነዋሪው በሕግ ፊት በሦስት ይከፈላል። የይዞታ ካርታ ያለው ካሳና ምትክ ቦታ ያገኛል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ካሳ የለውም፤ ምትክ ኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ይሰጠዋል። ከእነዚህ በታች ያለው ደባሉ ነው፤ በቀበሌ ቤት ጓዳ ወይም በግል ግቢ ቅጥያ ክፍል በቃል ስምምነት የተከራየ፣ በማንም መዝገብ ላይ ስሙ የማይገኝ። በአሮጌ ሰፈሮች የደባሉ ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ወጣቱ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከገጠር በቅርቡ የመጣችው ልጅ በብዛት እዚህ ናቸው። ሰፈሩ ሲነሣ ደባል ተነሺ አይባልም። ጓዙን ይዞ ወደሚቀጥለው ርካሽ ሰፈር ይሄዳል፤ በዚያም የክፍል ኪራይ ይጨምራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን ደንግጓል፤ የሚጠብቀው ግን በጽሑፍ ውል ያለውን ነው፤ የደባሉ ውል በቃል ነው።

የነጋዴው ነገርም ከዚህ አይርቅም። የአንድ ፒያሳ ጫማ ሰፊ ወይም ሰዓት አዳሽ ካፒታሉ መሣሪያው ሳይሆን ደንበኛው «እዚያ ጥግ ላይ ነው» ብሎ የሚያውቀው ቦታ ነው። ቦታው ሲለወጥ መሣሪያውን ይዞ ይሄዳል፤ ጥጉን ግን ማንም አይለካለትም።

ሕጉ ይህን ሙሉ በሙሉ አላጣውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን ሥርዓት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161 በኢትዮጵያ የካሳ ሕግ ውስጥ አዲስ የሆነ ነገር አስገብቷል፤ በማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈል ካሳ። እንደ ሐሳብ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ጎረቤት ንብረት መሆኑን ሕግ አምኗልና። አፈጻጸሙ ግን በገንዘብ ተተምኖ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻ የሚሰጥ ነው። ትስስር ደግሞ በባሕርዩ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። አንድ እድር መቶ አባወራ ቢኖሩትና መቶዎቹ ለየብቻ ካሳ ተቀብለው መቶ ቦታ ቢበተኑ፣ ለተበተነው እድር የተከፈለው ነገር የለም።

ለዚህ ርካሽ የሆነ መላ አለ፤ የሚጠይቀውም ገንዘብ ሳይሆን የአደላደል ለውጥ ነው። ተነሺን በግለሰብ ሳይሆን በግቢና በእድር መዝግቦ፣ ዕጣውን ለብሎክ እንጂ ለቤት ባለማውጣት ጎረቤታሞችን አብሮ ማሳረፍ ይቻላል። ደባሉንም ከመነሣቱ በፊት መቁጠር ይቻላል፤ የእድር ጸሐፊዎች ማን የት ክፍል እንደሚኖር ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አብልጠው ያውቃሉ። ቅርስን በተመለከተም፣ ከደጃፍ ላይ ምልክት ከሚለጠፍባቸው ጥቂት የመኳንንት ቤቶች ባሻገር ሰፈር እንደ ሰፈር የሚመዘገብበት አሠራር ቢኖር፣ ቢያንስ ከመፍረሱ በፊት ቅያሱ፣ የጋራ ግቢው፣ የቤቶቹ ረድፍና የነዋሪው ታሪክ በካርታና በድምፅ ይያዝ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ከሄደ በኋላ የቀረው በአብዛኛው የሰዎች ወሬ ነው።

ከካዛንቺስ የተነሡ በርካታ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ያረፉት በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ገላን ጉራ በተባለው ቦታ ለእነርሱ በተሠራ መንደር ውስጥ ነው። ከዕጣው ዘመን ጋር ሲነጻጸር አንድ ልዩነት አለው፤ ከአንድ ሰፈር የተነሡ ሰዎች በአንድ ቦታ አብረው አርፈዋል። በዚህ በኩል ከጀሞና ከየካ አባዶ የተሻለ ጅምር ነው። ገላን ጉራ ከካዛንቺስ የሚርቅበት መንገድ ግን ጉልት ቸርቻሪዋንና እንጀራ ጋጋሪዋን ከደንበኞቿ ያቆራርጣል፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ሄዳለች፣ እንጀራዋን የሚገዛው ሰው ግን አብሮ አልሄደም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚያ ቤተሰቦች በዚያው ስለ መቆየታቸው ወይም ቤቱን አከራይተው ወደ መሐል ከተማ ደባል ሆነው ስለ መመለሳቸው የሚነግረን የአውቶቡስ መስመሩና ዋጋው፣ እንዲሁም በመንደሩ አጠገብ የሚከፈተው ገበያ ነው። እድሩ በበኩሉ ድንኳኑን አብሮ ጭኖ ሄዶ ከሆነ፣ ጡሩምባው የሚሰማው አሁን ገላን ጉራ ላይ ነው፤ ረዳቶቹም ካዛንቺስ ብለው ሲጠሩ ከሚሳፈረው ሰው ብዙው በዚያ የማይኖር ይሆናል።